ለእማማ እጅ የሚሆን ሥራ

እኛ ፍኖተ ሰላም የምንኖር ሰዎች ቀን ፀሐይ ብልጭ ሲልልን “አገራችን ወይና ደጋ ነው” እያልን እንኮራለን። ሲመሽ ግን የሐምሌ ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ አንገታችንን ሲይዘን ኩራቱ ይቀርና ጋቢ ፍለጋ እንሯሯጣለን። የዓባይ መነሻ ወደሆነው ወደ ሰከላ ደጋ የሚወጣ ሰውማ ምን ሊል ነው!

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን በቤት ውስጥ በቀላሉ ስለሚሠራ ወፍራም ክብ የአንገት ሹራብ እንጫወታለን። ክብ ማለቴ እንደ ሻርፕ ጫፍና ጫፍ የሌለው፣ በራስ በኩል ገብቶ አንገት ላይ የሚቀመጥ ነው። አሠራሩን ከመንገሬ በፊት ግን እንዴት እንደ ጀመርሁት ልንገራችሁ፤ የራሴ ጥፋትም እዚያው ውስጥ አለና።

እንዝርቱን የደበቅሁበት ቀን

አማቴ ቡሬ ገጠር ተወልደው፣ እዚያው ልጆች ወልደውና አሳድገው ያረጁ እናት ናቸው። ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ አመልማሎ አድርገው ሲፈትሉ ነው ዘመናቸውን የኖሩት። የባለቤቴ ጋቢም ሆነ የእኔ የሠርግ ነጠላ ፈትሉ የወጣው ከእሳቸው እጅ ነው። ሸማኔው “የእርስዎ ፈትል አያስቸግረኝም” ይላቸው እንደ ነበር ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

ዓይናቸውን ግን ማዝ ጎዳው። ትራኮማ የሚባለው ይህ በሽታ የአማራ ክልልን ክፉኛ ካጠቁት የዓይን ሕመሞች አንዱ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰላል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያም በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። እማማ ቀዶ ጥገናውን ያገኙት ዘግይተው ነበር። ፍቀቱ ቆመላቸው፤ የጠፋው ብርሃን ግን አልተመለሰም።

ወደ እኛ ቤት ሲመጡ እንዝርታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከቡሬ መኪና ተሳፍረን፣ የ“ፍቅር እስከ መቃብር” አንባቢዎች የሚያውቋትን ማንኩሳን አልፈን ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ድረስ ከጉያቸው አላወጡትም። በረንዳችን ላይ ተቀምጠው መፍተል ጀመሩ። ነገር ግን ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ ከዚያም ይበጠሳል። በተበጠሰ ቁጥር ጫፉን በዳበሳ እየፈለጉ ዝም ይላሉ።

አንድ ቀን እንዲሁ ጫፉን ሲፈልጉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ። አላስቻለኝምና እንዝርቱን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ወሰድሁት። “እማማ፣ እርስዎ ብዙ ደክመዋል። አሁን ይረፉ፤ ሥራውን ለእኛ ይተዉልን” አልኋቸው። እሳቸውም አልተቃወሙኝም። እንዝርቱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ሰው ሆኑ። እንግዳ መጥቶ “እንዴት ነዎት?” ሲላቸው “ምን አለኝ ልጄ፣ እህል እፈጃለሁ” ይላሉ። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ምሳሌ 31ዷ ልባም ሴት ረጅም ወረቀት ጽፌ ጥሩ ውጤት ያገኘሁ ሰው ነኝ። በዚያ ምዕራፍ እንዝርት መጠቀሱን አሳምሬ አውቃለሁ። ከገዛ በረንዳዬ ላይ እንዝርት መንጠቄን ግን ልብ አላልሁም።

“ይኸ ክር ነው ገመድ?”

ሴት ልጃችን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ስለ ከተማዪቱ ብርድ ያልነገረን ሰው አልነበረም። እኔም ተማሪ ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርሁትን ሹራብ አስታውሼ የአንገት ልብስ ልሠራላት ተነሣሁ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ክሩን በአራት አድርጌ ያዝሁት። ሠርቼ፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍቼ፣ ልጅቷ ራስ ላይ ሳደርገው ከጆሮዋ አላልፍ አለ። ቤተሰቡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

እማማ ሳቁን ሰምተው “እስቲ አምጪው” አሉኝ። በጣታቸው ዳሰሱት። “ይኸ ክር ነው ገመድ?” አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። “እዚህ ጋ አንዷ አምልጣሻለች” አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ባየው እውነት ነው፤ እኔ በሁለት ዓይኔ ያላየኋትን ያመለጠች ቀለበት እሳቸው በጣታቸው አገኟት።

“እንግዲያው ይፈታ” ብለው ራሳቸው ፈቱት። እየፈቱም በልቃቂት ጠቀለሉት፤ እንዴት ያለ ልቃቂት መሰላችሁ! ጨርሰው ሲያቀብሉኝ “ይኸን ያህል ከወፈረማ እኔም አላጣውም፤ አሳዪኝ” አሉ። ከኋላቸው ተቀምጬ እጃቸውን በእጄ ይዤ አሳየኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት መስመር ሠሩ። በሳምንቱ እኔን እየጠሩ ማስቆጠር ተዉ፤ በየመስመሩ መጨረሻ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ራሳቸው ይቆጥሩ ጀመር። ደብረ ብርሃን የሄደው የአንገት ሹራብ የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ነው። ልጅቷም ስትደውል አስቀድማ “አያቴን አገናኙኝ” ትል ጀመር።

እንግዲህ አሠራሩ

1ኛ. ክር። ወፍራም ክር ካላገኛችሁ ተራውን የሹራብ ክር አራት ልቃቂት ወስዳችሁ እንደ አንድ ክር በአንድነት ያዙት። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” አይደል የሚባለው? ለአንድ ሰው 200 ግራም ገደማ ይበቃል። ቀለሙ ፈዛዛ ቢሆን ለጀማሪ ቀለበቶቹን ለማየት ይረዳል።

2ኛ. መርፌ። ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 35 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የሹራብ መርፌዎች ያስፈልጋሉ። ከገበያ ከጠፋ ከቀርከሃ ወይም ከጠንካራ እንጨት ማስጠረብ ይቻላል። ጫፋቸውን አሹላችሁ፣ ክር እንዳይዙ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልሱ እሿቸው።

3ኛ. መጀመር። ክሩን በሸምቀቆ አስራችሁ በአንዱ መርፌ ላይ አስገቡ። ከዚያ ክሩን በአውራ ጣታችሁ ላይ አዙሩና የተፈጠረውን ቀለበት በመርፌው ጫፍ አንሥታችሁ ሳታጠብቁ ሳቡት። እንዲህ እያደረጋችሁ ሸምቀቆውን ጨምሮ 20 ቀለበት አድርሱ። ስፋቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

4ኛ. መሥራት። ቀለበቶቹ ያሉበትን መርፌ በግራ፣ ባዶውን በቀኝ ያዙ። የቀኙን ጫፍ በመጀመሪያው ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ፣ ክሩን ጫፉ ላይ አዙሩ፣ አዲሱን ቀለበት በአሮጌው ውስጥ ስባችሁ አውጡ፣ አሮጌውን ከግራው መርፌ ልቀቁት። መስመሩ ሲያልቅ መርፌዎቹን እጅ አቀያይሩና ያንኑ ድገሙ። ሌላ ዓይነት አሠራር አያስፈልገውም።

5ኛ. መቁጠር። በየመስመሩ መጨረሻ 20 መሆኑን አረጋግጡ። 19 ከሆነ አንዷ አምልጣለች፤ 21 ከሆነ ሳታስቡት ጨምራችኋል። አሥር መስመር ከመፍታት አንድ መስመር መፍታት ይሻላል።

6ኛ. ርዝመት። የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ አንገትን ለክቼ ራስን ረሳሁ። የአዋቂ ሰው ራስ ዙሪያው 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሥራው 65 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ቀጥሉ።

7ኛ. መጨረስ። ሁለት ቀለበት ሥሩ፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሳልፋችሁ ጣሉት። አንድ ጨምራችሁ ሥሩና እንደዚያው አድርጉ። የመጨረሻዋ ቀለበት ስትቀር ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና በውስጧ አሳልፋችሁ ሳቡት። በተረፈው ክር ጫፍና ጫፉን በወፍራም መርፌ ስፉት።

እሳት አጠገብ ተጠንቀቁ

በገበያ “ሱፍ” ተብሎ የሚሸጠው የሹራብ ክር ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። የእኛ የጎጃም ዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር በመሆኑ ለክር አይሆንም፤ ባና የሚሠራበት ጠጉር እንደ መንዝ ካሉት ደጋዎች በግ የሚገኝ ነው። ክራችሁን ለመለየት ቁራጩን በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክ ግን ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የቀለጠው ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ክፉኛ ያቃጥላል። ክቡ ሹራብ እንደ ነጠላ ጫፉ ምድጃ ውስጥ ባይገባም፣ ምጣድ ስትጥዱና እሳት ስታነድዱ አውልቁት። ሕፃን ልጅም አንገቱ ላይ አድርጎ አይተኛ።

ከዘጋሁ በኋላ

አንድ ምሽት ከእማማ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ ድፍረት አገኘሁና “እማማ፣ እንዝርትዎን እኮ እኔ ነኝ የደበቅሁት” አልኋቸው።

“ቁም ሳጥኑ ላይ ነው” አሉኝ። “ስታስቀምጪው ሰምቼሻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አምጪ አላሉኝም?”

“ደግ ያደረግሽ መስሎሽ ነበራ። ላሳፍርሽ?”

እንዝርቱ አሁን ከጎናቸው ነው። አይፈትሉበትም፤ አንዳንዴ በጣታቸው ያሽከረክሩታል።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜም ብትሆን፣ ቤታችሁ ውስጥ “ይረፉ” ተብለው የተቀመጡ አባት ወይም እናት አሉ? አስቀድማችሁ ዓይናቸውን አስመርምሩ፤ የዓይን ሞራ ከሆነ ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ ብርሃን ይመልሳልና። የማይመለስ ከሆነ ደግሞ እጃቸውን አትርሱት። ከቀጭኑ ክር ይልቅ ወፍራሙን ስጧቸው፤ አጠገባቸውም ቁጭ በሉ። የመጀመሪያው ቢጠባችሁ ደግሞ ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ እኛም ቤት እንዲሁ ነው የተጀመረው።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።