ለአንዳንዶች ድካም የተሠራ ግንብ

የሰው ልጅ ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩን የማይሰብክ ቤተ ክርስቲያን የለም። ችግሩ የሚመጣው ከስብከቱ በኋላ፣ ማን ከማን ጎን ይቁም፣ ማን ከማን ማዕድ ይቍረስ በተባለ ጊዜ ነው። ዘረኝነት በየትኛው በር ወደ እምነት ቤት እንደሚገባ ለመረዳት የምንሻ ተማሪዎች የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ብንመረምር እንጠቀማለን።

በ1857 እ.ኤ.አ. የኬፕ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። አዲስ ያመኑት ጥቁሮችና ክልሶች ከነጮቹ ጋር በአንድ ጉባኤ ቢያመልኩ መልካምና መጽሐፍም የሚደግፈው መሆኑን አመነ። ነገር ግን ስለ አንዳንዶች ድካም ሲባል፣ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ለየብቻ ማምለክ ይቻላል አለ። ደካሞች የተባሉትም ከጥቁር ጋር መቀመጥ የከበዳቸው ነጮች ነበሩ።

ልብ እንበል! ሲኖዶሱ ድካምን ታገሠ እንጂ መለያየት ትክክል ነው አላለም። ዳሩ ግን በ1881 ለክልሶቹ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ቆመች። ከ1948 በኋላም አፓርታይድ የመንግሥት ሕግ ሲሆን፣ የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሱ ደገፉት። መጀመሪያ ድካም የተባለው ነገር በመጨረሻ ትምህርተ ሃይማኖት ሆኖ ቍጭ አለ።

ግፉን ዝም ብለው ያልተቀበሉም ነበሩ። ቄስ ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር የሜቶዲስት አገልጋይ በ1892 ከነጮቹ አስተዳደር ወጥተው በፕሪቶሪያ ያቋቋሙትን ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሙት። ስሙን ያገኙት ስለ ኢትዮጵያ ከተነገረው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። ይህም ከዐድዋ ድል አራት ዓመት በፊት ነው። በ1982 ደግሞ በኦታዋ የተሰበሰበው የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን በሃይማኖት የሚደግፍ ትምህርት ኑፋቄ ነው ብሎ አወገዘ። በ1881 ተለይታ የቆመችውም ቤተ ክርስቲያን የቤልሃርን የእምነት መግለጫ በ1986 አጽድቃ መለያየትን ከእምነት ውጭ አደረገችው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የአገራችን ስም ለተገፉት መጠጊያ መሆኑን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ይገባናልም። በውኑ ግን ስሙን የሚመጥን ቤት አለን ወይ? ማረሻ የሚያወጣለትን ቀጥቃጭ፣ እንስራ የምትሠራለትን ሴት፣ ቆዳ የሚፍቅለትን ሰው «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ ክርስቲያን ስንት ዘመን ኖረ! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በከፋም የማንጆን ተወላጅ ከማዕድ መለየት ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ዘሩ ከባሪያ ነው ተብሎ የሚፈርሰውን ጋብቻማ ከመካከላችን ያልሰማ ማን አለ?

«ይህ የሕዝብ ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይደለም» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እውነት ነው፣ ባለ እጅን አታቅርብ የሚል ቀኖና የለም። ነገር ግን መጽናኛ የሚሆነን ይህ ነውን? የተጻፈ በደል በጉባኤ ይሻራል፤ ያልተጻፈውን ግን ማን ይሽረዋል? እያየን ዝም ያልነው ልማድ ያው በ1857 የታገሡት ድካም ነው።

ስለዚህ ከሰባኪዎቻችን የምንጠይቀው ነገር አለ። ፍቅርን በጅምላ መስበክ አይበቃም፤ ቀጥቃጩንም፣ ሸክላ ሠሪዋንም፣ ማንጆውንም በስም ጠርተው ነውሩ የማን እንደ ሆነ በዐውደ ምሕረት ይንገሩን። ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። እዚህ ግቢ ውስጥ ከየአገሩ መጥተን በአንድ ገበታ እንበላለን። ለበዓል ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ባለ እጁ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ ሲሰጠው እያየን ዝም የምንል ከሆነ ግን ትምህርታችን የግቢ ትምህርት ብቻ ነው። እጁን ይዘን ወደ ማዕዱ እናስገባው። አዛውንቶቹ ቢቈጡም፣ ቍጣቸው ከእርሱ ውርደት አይከብድም።