የጦር አብራሪ በምን ይመዘናል?

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ ጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ሲወራ፥ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ጣለ?» የሚል ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሀርትማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 352 አውሮፕላን መጣሉ ስለ ተመዘገበለት፥ በዚህ ሚዛን የሚስተካከለው የለም። እኔ ግን ሚዛኑ ራሱ ትክክል አይመስለኝም።

ስለዚህ የራሳችንን ሰው ላንሣ። ብርጋዴር ጀነራል ለገሠ ተፈራ በኢትዮጵያ አየር ኃይል የኤፍ-5 አብራሪ ነበሩ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ፥ የወራሪውን ሚግ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ገጥመው ጣሉ። በኋላም የራሳቸው አውሮፕላን ተመታና ተማረኩ። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው ምርኮኞችን እስኪለዋወጡ ድረስ፥ 11 ዓመት በሶማሊያ ታስረው ቆዩ። አገራቸውም ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ ሸለመቻቸው።

የአየር ውጊያ በደቂቃዎች ያልቃል። 11 ዓመት ግን ምን ያህል ነው? ለፎገራ ሰው ማስረዳት አይቸግርም፤ ርብና ጉማራ 11 ክረምት ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል፥ 11 በጋም ይጎድላሉ። በተማረኩበት ዓመት የተወለደ ሕፃን፥ ሲመለሱ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ሆኗል።

«መማረክ ዕድል እንጂ ሥራ አይደለም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መውደቁስ ዕድል ይሁን፤ መጽናት ግን በየማለዳው እንደ ገና የሚጀመር ሥራ ነው። ሀርትማንም ቢሆን ከ1945 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ታስሯል፤ 352ቱን በቃሉ የሚያውቅ ሁሉ ግን ይህን አያነሣም። ደግሞም ሀርትማን የተዋጋው ለወራሪ መንግሥት ነበር፤ የእኛው ግን ወራሪን ለመመለስ ተዋጉ። ይህን የመሰለ ትልቅ ልዩነት ቁጥር አያሳየንም።

ከመካከላችን አየር ኃይል ለመግባት የሚመኙ አሉ፤ ምኞታቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆንባቸው፥ የሰማዩን ክብር ብቻ ሳይሆን በምድር የሚከፈለውን ዋጋ አውቀው ይምረጡ። ወላጆችም ይህን ዋጋ አብረው እንደሚከፍሉ አይርሱ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስለ አንድ አብራሪ ስንጠይቅ አስቀድመን «ለምን ተዋጋ?» ቀጥሎም «ምን ከፈለ?» እንበል። «ስንት ጣለ?» የሚለው ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።