«ተጨባበጡ» ብሎ መሸኘት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ተማሪ ሌላውን ወራት ሙሉ ሲያሠቃይ ቆይቶ ነገሩ ቢሮ ሲደርስ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ዩኒት ሊደሩ ሁለቱንም ያስጠራል፣ ጎን ለጎን ያቆማል፣ «አንተ ምን አደረግኸው? አንተስ ምን ብለኸው ነው?» ይላል። ጉልበተኛው «እየቀለድን ነው ቲቸር» ብሎ ፈገግ ይላል። ተበዳዩ መሬት መሬት ያያል። ምክር ይከተላል፤ ወንድማማቾች ናችሁ፣ የመጣችሁት ለትምህርት ነው፣ ሁለተኛ እንዳላያችሁ። «በሉ ተጨባበጡ!» ይጨባበጣሉ። ከቢሮው እስከ ክፍሉ ባለው ኮሪደር ላይ ጉልበተኛው ምን ብሎ እንደሚዝት ግን ዩኒት ሊደሩ አይሰማም።

ሽምግልናን ማጣጣሌ አይደለም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቅ የኖረ ሥርዓት ነው። ግን ደንቡን እናስታውስ። ሽማግሌ ፊት በዳይ በደሉን ያምናል፣ ይክሳል፣ ዳግም እንዳይነካው ዋስ ይጠራል። እርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ማመኑም ካሳውም ዋሱም ቀርቶ መጨባበጡ ብቻ ተወስዷል። ይህ እርቅ ሳይሆን ፋይል መዝጊያ ነው።

ጸብና ጉልበተኝነት ደግሞ አንድ አይደሉም። የተጣሉ እኩዮች ዛሬ ተደባድበው ነገ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ጉልበተኝነትን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ያጠናው ዳን ኦልዌየስ ሦስት መለያ አስቀምጦለታል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ተበዳዩም በቀላሉ ራሱን መከላከል አይችልም። ቢሮ ውስጥ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። አቅማቸው የማይመጣጠን ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን አቁሞ መጠየቅ ለአንደኛው ተጨማሪ ማስፈራሪያ ነው። መሬት መሬት የሚያየው ልጅ የሚናገረው ጠፍቶት አይደለም፤ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደው ብቻውን መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

9ኛ ክፍል ላይ ይብሳል። ልጁ አብረውት ካደጉት ተለይቶ፣ ከየትምህርት ቤቱ ከተሰባሰቡ የማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ግቢ ይገባል። በወረዳ ከተሞች ደግሞ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው አለ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ጫማው፣ አነጋገሩ፣ የበሶ ቋጠሮው መሳለቂያ ይሆናል፤ «ፋራ» የሚል ቅጽል ይለጠፍበታል። ቀስ እያለ ነገሩ ወደ ኪሱ ይደርሳል፤ ዛሬ ስልኩን «አውሰኝ» ይሉታል፣ ነገ የቤት ኪራይ ብሩን። አንድ ቀን ጉዳዩ ሲወጣ ለሁለቱም «ወላጅ አምጡ» ይባላል። የጉልበተኛው አባት የሚኖረው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የተበዳዩ አባት ግን በእርሻ ወቅት በሬውን ፈትቶ ግማሽ ቀን በእግሩ መምጣት አለበት። ልጁ አባቱን ከሞፈሩ ከሚነጥል ዝም ማለትን ይመርጣል። ቅጣቱ በተበደለው ላይ ወደቀ። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ደንቡ ሁለቱን እኩል አድርጎ ስለሚያይ ነው።

(ሴት ተማሪዎችን በየመንገዱ የሚከተለው ለከፋ፣ በብሔርና በቋንቋ የሚወረወረው ስድብ፣ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች የሚቀምሱት፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።)

ዛሬ ደግሞ የትምህርት ቤቱ አጥር አያስጥልም። የክፍሉ ተማሪዎች ለቤት ሥራ የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። አንዱ፣ ጓደኛው ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ሲያሸልበው ፎቶ ያነሳዋል፤ ፊቱን ቆርጦ ስቲከር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ «የሒሳቡ ገጽ ስንት ነው?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር መልሱ ያ ስቲከር ነው። አንዱ ይልካል፣ ሌሎቹ የሳቅ ምልክት ያደርጉበታል። የተመታ የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፤ ዩኒት ሊደሩም ግሩፑ ውስጥ የለም። ልጁ ሌሊት በስድስት ሰዓትም አልጋው ላይ ሆኖ ይሳቅበታል። ሕጉ ግን ነገሩን ቀልድ አይለውም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ ስለ አንድ ሰው መረጃ በተደጋጋሚ እየላኩ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን በእስራት ያስቀጣል። ታዳጊ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰድ ማለቴ አይደለም፤ «የልጆች ጨዋታ» ብለን የምናልፈው ነገር ስንት እንደሚመዝን እንወቅ ለማለት ነው።

ለእኔ ከስቲከሩ ሠሪ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚስቁት ናቸው። ጉልበተኛ ያለ ተመልካች ብዙ አይቆይም። በቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች መጫወቻ ሜዳ በካሜራ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ከገባባቸው ጊዜያት በ57 በመቶው ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ልጆቹ ከእኛዎቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ያነሱ መሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም የፊንላንዱ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ «ኪቫ» የተባለውን የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ሲቀርጽ ዋናውን ትኩረት ተመልካቹ ላይ አድርጎ በመላ አገሪቱ አሠራጭቶታል። የእኛ ተመልካች ተማሪ አፉን የሚይዘው «አሳባቂ» መባልን ፈርቶ ነው። መምህሩ «እገሌ ነገረኝ» ብሎ በክፍሉ ፊት ስም ሲጠራ የሰማ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። ሚኒ ሚዲያው በየረፍቱ ሙዚቃ ከሚያሰማና የጥቅስ መዓት ከሚያነብ፣ ለአንድ ጓደኛ ቆሞ መናገር አሳባቂነት እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው በድራማ ቢያሳዩበት ምን ነበረበት?

መምህራንም አንዳንድ ቅጽል ስም የሚወለደው ከሰሌዳው ፊት መሆኑን ይመኑልኝ። መምህር ያሾፈበትን ልጅ ክፍሉ ዓመት ሙሉ ያሾፍበታል። በዱላ ጸጥታ የሚያስከብር ሰው ተማሪውን «ጉልበት አትጠቀም» ቢለው ማን ይሰማዋል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ካለ ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት በየዓመቱ እንጮኻለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ለዚያ ብዙ ምክንያት አለ፤ ጉልበተኝነትን ዋናው ነው አልልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ግን በተደጋጋሚ የሚጠቁ ልጆች ከትምህርት ገበታ የመቅረት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነው። ስም ጠሪው መምህር በቀሪ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው ምልክት «ሰነፍ» ማለት ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋሱን እንመልስ። ልጆቹን ለየብቻ ማነጋገር፣ መጀመሪያ ተበዳዩን፤ ቀኑን፣ ቦታውንና በቦታው የነበሩትን በመዝገብ መጻፍ፤ ተበዳዩን «ሴክሽን ቀይር» ብሎ ከጓደኞቹ አለማፈናቀል፤ መንቀሳቀስ ያለበት ካለ ጉልበተኛው ይንቀሳቀስ። ሩቅ ያለ ወላጅ በስልክ ይነገረው። ከሽንት ቤቱ ጀርባና በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት በሩ ላይ መምህር በተራ ይቁም። ከሁሉ በላይ፣ ከሳምንት በኋላም ከወር በኋላም ልጁን ጠርቶ «አሁንስ?» የሚለው አንድ ሰው በስም ይመደብ። የሠለጠነ አማካሪ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ተማሪዎች የሚያምኑት መምህር ይሁን፤ ለዚህም ከክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። ጉልበተኛውንም ሦስት ቀን ማባረር ዕረፍት መስጠት ነው፤ የቀማውን ይመልስ፣ የለጠፈውን እዚያው ግሩፕ ላይ ያጥፋ፣ እሱም ቤት ውስጥ ማን እንደሚደበድበው ይጠየቅ።

ኖርዌይ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህን በሕግ አስገድዳለች፤ ትምህርት ቤቱ ተከታትሎ፣ አስቁሞና መርምሮ እርምጃ ካልወሰደ ወላጅ ለመንግሥት አቤት ይላል። እኛ ዘንድ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ መስከረም ላይ ሲሰበሰብ አጀንዳው የዩኒፎርም ዋጋና መዋጮ ብቻ ከሆነ፣ ወላጆች እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ እዚህ ግቢ ልጄ ቢጠቃ የሚከታተለው መምህር ማን ነው? ስሙ በቃለ ጉባኤው ላይ ሳይጻፍ እንዳትነሱ።