ወንድነት የሚሠራው የት ነው?

ወንድሜ፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰፈርህ ውስጥ «እሱማ ወንድ ነው» የሚባለው ማነው? ቶሎ የሚቆጣው? ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ የሚፎክረው? ወይስ «ደሜን ሳልመልስ» እያለ ጎረቤቱን አድብቶ የሚጠብቀው? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠራችን ደም መመለስ ስንት ቤት እንደዘጋ አንተም ታውቃለህ። ገዳዩ ይሸፍታል ወይ ይታሰራል፣ እርሻው ጦሙን ያድራል፣ ልጆቹ ደግሞ ያንኑ ቂም ይወርሳሉ። ይሄን ነው እንግዲህ ወንድነት ያልነው።

እኔ የማውቀው የጎጃም ወንድ ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪውን አስበው። ጢም ሳያበቅል ከእናቱ ጓዳ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። አንዱ ቤት ይሰጠዋል፣ አንዱ ቤት ውሻ ይለቅበታል። ማታ ያችኑ ቁራሽ ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል።

ከዚያ ቅኔው አለ። ዋሸራን ዋሸራ ያሰኘው ቅኔ። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም፣ አዲስ መቁጠር ነው። ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ቅኔውን ይዞ ሲቀርብ፣ የኔታ ጓደኞቹ እየሰሙ ያፈርሱበታል። ሰዋስዉ ተሰብሯል፣ ምስጢሩ ባዶ ነው ይሉታል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ያቺን የውሻ ዱላ ያነሳል? ጉልበት ስሞ ይመለሳል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ለእኔ ወንድ የሚሠራው እዚች ላይ ነው፤ በሰው ፊት ሲታረም አለመሸሽ፣ አለመቆጣት። ረሃብ ብቻውንማ ጨካኝም ያደርጋል።

እርግጥ ሁላችንም ቅኔ ቤት አንገባም። (ያለፈበት ሰው ደግሞ ኑሮውን እንደ ተረት ስናሳምረው አይወድልንም። እከኩም ቅማሉም ነበረና።) ግን ቤታችን ጾም አለ። ረቡዕና ዓርብ ሆዱን «ቆይ» ማለት የለመደ ሰው፣ ምላሱንም እጁንም «ቆይ» ማለት አያቅተውም። ንስሐ አባትም አለ። አገር በሙሉ ቢፈራህ እንኳ እሳቸው ፊት ጥፋትህን በገዛ አፍህ ትናገራለህ። የሟችና የገዳይ ወገን ሲታረቅ መስቀል ይዘው መሐል የሚቆሙትም ካህናቱ ናቸው። ያን ቀን ደሙን ትቶ እርቅ የተቀበለውን «ፈሪ» የሚል አፍ አይጠፋም። እስኪ አንተ ሞክረው! የወንድምህን ገዳይ ዓይን ዓይኑን እያየህ ቂምህን መተው ይከብዳል ወይስ ጥይት መተኮስ?

«እንዲህማ ከሆነ ክርስትና አንገት መድፋት ነው» ትለኝ ይሆናል። አቡነ ጴጥሮስስ? ለጣሊያን ይገዙ፣ አርበኞቹን ያውግዙ ተባሉ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ጠመንጃ አልያዙም፣ አልፎከሩምም። ግን ከቆሙበት ንቅንቅ ያደረጋቸው አልተገኘም።

አንተስ፣ ንስሐ አባትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሃቸው መቼ ነው? ያኮረፍከው ጎረቤትህስ፣ የማኅበሩ ጽዋ ላይ ዘንድሮም ከሌላው ጥግ ነው የሚቀመጠው?