«አልሰከርኩም» ሲልሽ ጉበቱን ጠይቂው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሁለት ሦስቴ ያነበብኩትን ይዤ ቀርቤያለሁ። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ነች። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳላነሳ አደራ ብላኛለችና ፍሬ ነገሩን ብቻ ላካፍላችሁ።

ፍቅረኛዋ ደግ ነው፤ ሥራ አለው፤ መኪናም አለው። ችግሩ ዓርብ ማታ ነው። አብረው ይወጣሉ፤ ቢራ ያዛሉ። እሷን በሁለተኛው ጠርሙስ ራሷን ያዞራታል። እሱ ግን አራቱን ጨርሶ «እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም፣ አንቺ ነሽ ደካማ!» ይላታል። ከዚያ አንድ ማኪያቶ ይጠጣና የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል። «ልቤ እየፈራ እገባለሁ» ትላለች። «እምቢ ብለው የናቅኩት ይመስለዋል። ለመሆኑ ቡናው ስካሩን ያበርድለታል? እኔስ ለምንድን ነው ቶሎ የምሰክረው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ የፍቅር ይምሰል እንጂ ግማሹ የጉበት ጥያቄ ነው። እኔም ከ12ኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅኩምና በቀላሉ ላስረዳሽ።

የጠጣነው አልኮል አብዛኛው የሚወገደው ጉበት ውስጥ ነው። ሥራውን በዋናነት የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። የመጀመሪያው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል። (አትደንግጡ፣ የሚከብደው ስሙ ብቻ ነው!) ዲሃይድሮጂኔዝ ማለት ባጭሩ «ሃይድሮጂን አንሺ» እንደማለት ነው። ከአልኮሉ ላይ ሃይድሮጂን ያነሳና ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጠዋል። ይሄኛው ከአልኮሉም የባሰ መርዝ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ኢንዛይም፣ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ቶሎ ይቀበለውና ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይቀይረዋል። እሱም በመጨረሻ ውሃና የምንተነፍሰው የተቃጠለ አየር ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ የተነሳውን ሃይድሮጂን ማን ይሸከመዋል? ኤንኤዲ የሚባል ረዳት አለ። ሰውነታችን የሚሠራው ኒያሲን ከሚባለው ቫይታሚን ነው። ይሄን ረዳት እንደ መርካቶ ተሸካሚ ቁጠሪው። አንዱን ሸክም አራግፎ ካልተመለሰ ሌላ አያነሳም። በር ላይ አሥር የጭነት መኪና ቢደረደርም የተሸካሚው ቁጥር ያው ነው። ለዚህ ነው ጉበት ብዙ ስለጠጣን ብቻ የማይፈጥነው። በአማካይ አንድ ትልቅ ሰው በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይዟል። አራት ጠርሙስ 52 ግራም ሆነ ማለት ነው። ልጁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ 5 ሰዓት ላይ ቢነሳ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉበቱ ያስወገደው ቢበዛ 30 ግራም ነው። ቁልፉን ሲያነሳ ቢያንስ 22 ግራም ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ። ያ እስኪያልቅ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ጉበቱ ዘገም ካለ አራት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል።

ማኪያቶውስ? ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ጉበት ውስጥ ተሸካሚ አይጨምርም። ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ሎሚም፣ መጨፈርም ያው ናቸው። በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት የሚወጣው አልኮል ጥቂት ነው። እንዲያውም ቡና የጠጣ ሰካራም ነቃሁ ብሎ የሚያምን ሰካራም ነውና የባሰ ያስፈራል።

«አንቺ ነሽ ደካማ» የተባለውስ? አይደለሽም! በአማካይ ከወንድ ሰውነት 60 በመቶ ገደማው ውሃ ሲሆን ከሴት 50 በመቶ ገደማ ነው። አልኮል የሚሰራጨው ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ እኩል ብትጠጡ ያንቺ ደም ውስጥ ያለው ይወፍራል። ጨጓራም ውስጥ ጥቂት አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ አለ፤ እሱም በሴቶች ዘንድ አነስ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። በባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አንደኛ፣ አልኮሉ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተሸካሚዎቹ በአልኮል ሲጠመዱ ጉበት አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል፤ የደም ስኳር ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ማታ ጠርሙስ የምትጨብጡ፣ ይሄ ለናንተም ነው።

እሱም «ምንም አልሆንኩም» ሲል ምናልባት አልዋሸም። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ስካሩን ይለምደዋል፤ ስለዚህ ስካሩ አይሰማውም። አለመሰማቱ ግን አለመስከር አይደለም። ፍሬን ለመያዝ የሚዘገየው እግሩ እሱን አስፈቅዶ አይዘገይም።

ስለ ሁለተኛው ኢንዛይም አንድ ነገር ልጨምር። ዴንማርክ ውስጥ ሃልድ እና ያኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ዳይሰልፊራም የሚባል ነገር ለሆድ ትል መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ይሞክሩ ነበር (የነሱ ኮሶ በሉት)። ራሳቸው ውጠው አልኮል ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፤ ልባቸው ደለቀ፤ አመማቸው። መድኃኒቱ ሁለተኛውን ኢንዛይም ስለሚያግድ መርዙ አሴታልዲሃይድ ተጠራቅሞባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ መድኃኒቱም መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ዋለ። ታዲያ አደራ! «ሳያውቅ በሻይ ውስጥ ልጨምርለት» የምትል ካለች ትተወው። ያለ ሐኪምና ያለ ሰውዬው ፈቃድ ከተሰጠ ሊገድል ይችላል። በጃፓን፣ በቻይናና በኮሪያ ደግሞ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው ደካማ ነው። በአንድ ብርጭቆ ፊታቸው ይቀላል። እየቀሉ መጠጣት የሚቀጥሉት ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ያለ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። ምክሬ አጭር ነው፤ መኪናው ውስጥ አትግቢ። ወሬውን ግን ማታ ጠርሙስ ፊት አታንሺው፤ ያን ጊዜ የምታወሪው ከቢራው ጋር ነው። በቀን፣ ሁለታችሁም ጾማችሁን ሳትሆኑ፣ ቡና እየጠጣችሁ ንገሪው። «ስለናቅኩህ ሳይሆን እንዳላጣህ ስለምፈራ ነው። ከጠጣህ መኪናዋ ቤት ትደር፣ በታክሲ እንሂድ» በይው። የታክሲውን ሂሳብ ግን በራስሽ ቦርሳ ያዢ፤ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ልጅ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ቢያኮርፍስ? ያኩርፍ! ኩርፊያ በማግስቱ በይቅርታ ያልፋል። መንገድ ላይ ለሚያቋርጥ ምስኪን እግረኛ ግን ማግስት የለውም።

የሚወድሽ ከሆነ ቁልፉን ያስቀምጣል። አሻፈረኝ ብሎ ብቻውን የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የጠየቅሽኝን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቅሽኝንም መልሶልሻል።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!