የማይጮኸውን ጻፉ

በቅዳም ሹር ዕለት ጠዋት እናቴ ወደ መርካቶ ላከችኝ። የታዘዝኩት ስድስት ነገር ነበር፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቄጠማ፣ በመጨረሻም ያን ዕለት ያለቀባት የደም ግፊት መድኃኒት። እኅቴ እርሳስ አንሥታ፣ «ቆይ፣ ልጻፍልህ» ብትለኝ፣ «ለስድስት ነገር ደግሞ ጸሐፊ ልቅጠር እንዴ!» ብዬ ስቄባት ወጣሁ።

የበዓልን ገበያ የምታውቁት ነው። ዶሮው ይጮኻል፤ ሽንኩርት ሻጩ ይጣራል፤ የቅቤው ሽታ ከሩቅ ይስባል። ወደ ማታ ላብ አጥምቆኝ ቤት ስገባ፣ ዕቃው ሁሉ ታይቶ ተመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቀስ ብላ፣ «መድኃኒቱስ፣ ልጄ?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? የሰፈራችን መድኃኒት ቤቶች ለበዓሉ ተዘግተዋል። ካንዱ ወዳንዱ ስንከራተት ቆይቼ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ካንድ ሆስፒታል አጠገብ ክፍት አገኘሁ። እናቴ በደኅና አደረች፤ እኔ ግን የፋሲካውን ዶሮ የበላሁት እያፈርኩ ነው።

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። እናቴን ከዶሮ አሳንሼ አይደለም የረሳሁት። ዶሮው ስለ ጮኸ አስታወሰኝ፤ መድኃኒቱ ግን ዝም ብሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የሰው ሐሳብ የሚከተለው ከፊቱ የቆመውንና የሚጮኸውን እንጂ፣ ሁልጊዜ የሚበልጠውን አይደለም። በሕይወታችን ደግሞ ትልልቁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። የታመመ ወዳጅ «ለምን አልጠየቅኸኝም?» ብሎ ደጃችን ድረስ አይመጣም፤ የልጅ የትምህርት ቤት ስብሰባም ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚታወሰን። ወረቀት ግን በጩኸት አይታለልም፤ የሰጡትን ይዞ ይቆያል።

የወረቀት ጥቅም እንዳንረሳ ማድረግ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማይክል ስከሊን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. አንድ ጥናት አውጥተዋል። 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ገሚሶቹ በሚመጡት ቀናት የሚሠሩትን፣ ገሚሶቹ ሠርተው የጨረሱትን። ገና የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ይበልጥ ዘርዝረው የጻፉትም ይበልጥ ቶሎ ተኙ። ለወረቀት አደራ የተሰጠ ነገር በጨለማ ሲያገላብጥ አያድርም ማለት ነው።

ሆኖም ሠላሳ ነገር የተደረደረበት ወረቀት ራሱ እንደ አበዳሪ ይሆናል፤ ባዩት ቁጥር ያስደነግጣል። ስለዚህ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ለአንድ ቀን ከአምስት ወይም ከስድስት ነገር በላይ አትጻፉ። ምኞትን ሳይሆን ሥራን ጻፉ፤ «ጣራ ማስጠገን» የሚለው ወር ሙሉ ይቀመጣል፤ «ማክሰኞ አናጢውን ጠርቶ ዋጋ መጠየቅ» የሚለው ግን ማክሰኞ ይፈጸማል። ሦስት ቀን ሳይነካ የቆየውን ወይ ዛሬውኑ ሥሩት፣ ወይ ለሌላ ሰው ስጡት፣ ወይ ሳታፍሩ ሰርዙት። ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መሥመር ላይ የማይጮኸውን ጻፉ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን እንዳይረሳት የምትፈልገው ጉዳይ ሲኖር የነጠላዋን ጫፍ ቋጠር ታደርጋለች፤ ጉዳዩ ሲፈጸም ትፈታዋለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት የምታውቀው በጣቷ ነው። በፋሲካ ማግስት ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ በኪሴ ስከት አይታኝ ሳቀችና፣ «ይሁን፤ ወረቀቱ እንኳ ቢጠፋብህ ነጠላ እገዛልሃለሁ» አለችኝ።