ሰው ከከተማ ቢወጣም ጭሱ አይወጣም

ሶዶ ሲባል ወላይታ ሶዶ ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኔ የማወራው ከሲያትል መሃል ከተማ በስተደቡብ ስላለው የመጋዘን ሰፈር ነው። ከክፍል በፊት የምሠራው እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከኬንት ይዛኝ ትመጣለች። አይ-5 ላይ ተሰልፈን ስንንፏቀቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፦ «ድሮ እኮ በእግሬ ነበር የምሄደው።»

እውነቷን ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የኖርነው ሴንትራል ዲስትሪክት ነበር። ኪራዩ ሲንር እንደ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ወደ ደቡብ ወረድን። የእናቴ ሥራ ግን እዚያው ቀረ፤ እድሯም እንዲሁ።

በቅርቡ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «የከተማ ሕዝብ ሲቀንስ የካርቦን ልቀቱም ይቀንሳል» ሲል ሰማሁ። ያኔ ዝም አልኩ፤ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ሲያትል ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ 557 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ በ1980 ወደ 494 ሺህ ወረደ። በ1971 ቦይንግ ሠራተኞቹን በገፍ ሲቀንስ፣ ከከተማዋ የመጨረሻው ወጪ መብራት እንዲያጠፋ የሚጠይቅ ማስታወቂያ መንገድ ዳር ተሰቅሎ ነበር። ነገር ግን በእነዚያው 20 ዓመታት የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ ከ935 ሺህ ወደ 1.27 ሚሊዮን አደገ። ሰዉ ከከተማዋ ወጣ እንጂ ከመኪና አልወረደም፤ እንዲያውም ብዙ ማይል መንዳት ጀመረ።

ዛሬ ሲያትል በጠቅላላው እየቀነሰች አይደለም፤ በ2020 ቆጠራ 737 ሺህ ደርሳለች። የቀነስነው እኛ ነን። በ1970 ከሴንትራል ዲስትሪክት ነዋሪ ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም።

እስቲ እናስላው። እናቴ ደርሶ መልስ 40 ማይል ያህል ትነዳለች። መኪናዋ በጋሎን 25 ማይል ቢሄድ፣ በቀን 1.6 ጋሎን ነው። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል 8.9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲባዛ ከ3.5 ቶን በላይ ይሆናል፤ በእግር ይኬድ ለነበረ መንገድ!

ሌላም አለ። ሲያትል ሳለን እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ፣ ልክ እንደ አገር ቤት፣ በአብዛኛው በውሃ ኃይል በሚመነጭ መብራት ነበር የሚሠራው። ኬንት ግን የሌላ ኩባንያ ክልል ነው፤ የዚያ መብራት ከፊሉ ከጋዝ፣ ለረጅም ዓመታትም ከድንጋይ ከሰል ሲመጣ የኖረ ነው። ያው ምጣድ፣ ያው እንጀራ፤ ጭሱ ግን ሌላ። ልቀት በከተማ ወሰን ብቻ ሲቆጠር ደግሞ ይህ ሁሉ ከሲያትል መዝገብ ይወጣል። ከተማዋ ንጹሕ ትመስላለች፤ ዕዳው እኛ ጋ ይቀራል።

«ባቡር አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ2009 ሶዶ ጣቢያ ተከፈተ፤ በታኅሣሥ 2025 መስመሩ ፌደራል ዌይ ደርሷል። ደስ ይላል። ከእኛ ቤት ግን አውቶቡስ፣ ባቡር፣ እንደገና አውቶቡስ ነው፤ ለፈረቃ ሠራተኛ አይመችም። ባቡሩ ሰውን ተከትሎ ከሚሮጥ፣ ሰው ሲጀመር ባይፈናቀል ይሻላል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ሰው በሚችለው ኪራይ በሰፈሩ እንዲቆይ ማድረግ የአየር ንብረት ሥራ ነው። በ2019 ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ የተከፈተው ሊበርቲ ባንክ ሕንፃ 115 አቅምን ያገናዘቡ ቤቶች አሉት። እንዲህ ያለው ይብዛ ብለን የከተማው ምክር ቤት ፊት መናገር የእኛም ፋንታ ነው። ማኅበራችን ስለ ዛፍ ተከላ በተወያየ ቁጥር ስለ ኪራይም ይወያይ። ስብሰባውንም ባቡር ጣቢያ አጠገብ እናድርገው፤ እኔም እናቴን ሳላስቸግር እመጣለሁ።